ማን ማንን ጠቀሰ? በዶሮ ቤት ተጀምሮ ከ60 ዓመት በላይ የዘለቀው የዩጂን ጋርፊልድ ሥራ



ልጆቻችን ኡኒቨርሲቲ ገብተው ምን እንደሚማሩ ስንጠይቃቸው መልሱ ብዙ ጊዜ ግራ ያጋባናል። "ሕክምና" ሲሉን ይገባናል። "ሕግ" ሲሉንም ይገባናል። "ሃይ-ቴክ" ሲሉን ሥራው ባይገባንም ደመወዙ ይገባናል። "መረጃ ሳይንስ" ወይም "የቤተ መጻሕፍት ሙያ" ሲሉን ግን ፊታችን ይጠቁራል። ስንት ዓመት ቤት ጠርገን፣ ስንት ሌሊት ጥበቃ ቆመን ያስተማርነው ልጅ መጽሐፍ ሊደረድር ነው ወይ? እንላለን። ጥያቄው የወላጅ ጥያቄ ነው፣ አይፈረድብንም። ግን ይህ ሙያ ከየት መጣ፣ ሰው እንዴት ዕድሜውን ሙሉ ይኖርበታል፣ እንዴትስ ትልቅ ንግድ ሆነ የሚለውን ብናውቅ ከልጆቻችን ጋር የምንነጋገረው ሌላ ይሆናል። ስለዚህ ዛሬ ታሪኩን በአንድ ሰው ሕይወት እንናገራለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰውየው ዩጂን ጋርፊልድ ይባላል። በ1925 በኒው ዮርክ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ፤ ያደገው ብሮንክስ በሚባለው ሰፈር ነው። ሲወለድ የነበረው የቤተሰብ ስም ጋርፊንክል ነበር፤ በኋላ ጋርፊልድ ሆነ። በዚያ ዘመን አሜሪካ የገቡ የአይሁድ ቤተሰቦች ስማቸውን ለእንግሊዝኛ ምላስ እንዲመች ማሳጠርና መለወጥ የተለመደ ነበር። እኛም እዚህ አገር ስንገባ "ይህ ስም ለዕብራይስጥ ይከብዳል" ተብሎ ስንቶቻችን በአንድ ቀን ሌላ ስም ይዘን እንደወጣን እናስታውሳለን። የስምን ነገር ኋላ እንመለስበታለን፣ ምክንያቱም ጋርፊልድ ዕድሜውን የጨረሰው በስም ዝርዝር ላይ ነው።

የመጀመሪያ ዲግሪውን በ1949 ከኮሎምቢያ ኡኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ ያዘ። ኬሚስት ሆኖ ግን አልቀጠለም። በ1951 ባልቲሞር ከተማ ጆንስ ሆፕኪንስ ኡኒቨርሲቲ ውስጥ በሚገኝ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ሥራ ጀመረ። የሥራው ጥያቄ እንዲህ ነበር፦ ከጦርነቱ በኋላ የሕክምና ጽሑፍ እንደ ጎርፍ እየመጣ ነው፤ ሐኪም የሚፈልገውን ጽሑፍ እንዲያገኝ ማሽን ሊረዳ ይችላል ወይ? ማሽን ሲባል ዛሬ እንደምናውቀው ኮምፒዩተር እንዳይመስላችሁ። ወፍራም ወረቀት በቀዳዳ የሚበሳበት፣ ካርዱን እያነበበ የሚለይ የብረት ዕቃ ነበር።

እዚያ ሆኖ ነው ዋናውን ችግር ያየው። ጽሑፎች በቃል ነበር የሚመደቡት። አንድ ሠራተኛ ጽሑፉን አይቶ "ይህ ስለ እንዲህ ነው" ብሎ ከአንድ ቃል ሥር ያስቀምጠዋል። በአማርኛ እናስበው። አንዱ "ወባ" ብሎ ያስቀምጣል፣ ሌላው "ንዳድ" ብሎ ያስቀምጣል። "ወባ" ብሎ የሚፈልግ ሰው "ንዳድ" የሚለው ሥር ያለውን ሁሉ ያጣዋል። ሳይንስ ደግሞ በየዓመቱ አዲስ ቃል ይወልዳል፤ መዳቢው ሠራተኛ ሊደርስበት አይችልም።

ጋርፊልድ ግን አንድ ነገር አስተዋለ። ሳይንቲስቶች ሲጽፉ ለሚናገሩት ነገር ምንጩን ይጠቅሳሉ፤ "ይህን ያለው እገሌ ነው፣ በዚህ ዓመት፣ በዚህ መጽሔት" ይላሉ። እንግዲህ ጽሑፍን ከጽሑፍ የሚያገናኘው ገመድ ደራሲው ራሱ አስሮታል ማለት ነው። ሌላ ሰው ቃል መምረጥ አያስፈልገውም። ገመዱን መሰብሰብ ብቻ ነው የቀረው።

በ1953 አንድ ደብዳቤ ደረሰው። የጻፈለት ዊሊያም አዴር የሚባል ጡረተኛ ሲሆን፣ ቀድሞ የሸፐርድ ኩባንያ ምክትል ፕሬዚዳንት ነበር። የሸፐርድን ነገር ሽማግሌዎቻችን ከማንም በላይ ይረዱታል ብለን እናምናለን። ፍራንክ ሸፐርድ በ1873 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት ለጠበቆች የሚሆን ዝርዝር ማሳተም ጀመረ። ፍርድ ቤት አንድ ጊዜ የፈረደውን ፍርድ ሌላ ዳኛ ከዓመታት በኋላ ሊያጸድቀው፣ ሊያሻሽለው ወይም ሊሽረው ይችላል። ጠበቃው የቆየውን ፍርድ ይዞ ከመሟገቱ በፊት "ይህ ዳኝነት ከዚያ ወዲህ ምን ደረሰበት?" ብሎ ማወቅ አለበት። ሸፐርድ መጀመሪያ ላይ ይህን መረጃ ሙጫ ባለው ቁራጭ ወረቀት ላይ እያተመ፣ ጠበቆች በሕግ መጽሐፋቸው ጠርዝ ላይ እንዲለጥፉት ይሸጥ ነበር። በአገራችን ሽምግልና ላይ አንድ አዋቂ ሽማግሌ "ይህ ነገር በእነ እገሌ ጊዜ እንዲህ ተፈርዶ ነበር፣ በኋላ ግን በዚህ ምክንያት ቀረ" ብሎ በቃሉ የሚያወጣውን ሸፐርድ በወረቀት ሸጠው ማለት ነው።

ጋርፊልድ ደብዳቤውን አንብቦ "ለሕግ የሠራው ለሳይንስ ለምን አይሠራም?" አለ። በ1954 ከኮሎምቢያ በቤተ መጻሕፍት ሙያ ሁለተኛ ዲግሪ ያዘ፤ በ1955 ሐሳቡን "ሳይንስ" በሚባለው ታዋቂ መጽሔት ላይ አወጣ። ከምክንያቶቹ አንዱ ዛሬም ያስገርማል፦ የተሳሳተ ወይም የተጭበረበረ ጽሑፍ ሳይመረመር እየተጠቀሰ እንዳይሄድ ለማድረግ ነው። አንድን ጽሑፍ ከመጥቀስህ በፊት ማን እንደነቀፈው አይተህ ትጠቅሳለህ ማለት ነው።

ነገሩን ለማስረዳት ከእኛው ቤት ምሳሌ እንውሰድ። እኛ ጋብቻ ሲታሰብ እስከ ሰባት ቤት ወደ ኋላ እንቆጥራለን፤ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያልን። በጽሑፍ መጨረሻ ላይ የሚቀመጠው የማጣቀሻ ዝርዝር እንደዚያ ነው፣ የጽሑፉን አባቶች ይነግረናል። አባቶቹን ማወቅ ቀላል ነው፣ ጽሑፉ ራሱ ይዞአቸዋል። አስቸጋሪው ልጆቹን ማወቅ ነው። በ1930 አንድ ሰው የጻፈውን ነገር ከዚያ በኋላ እነማን ተጠቀሙበት? እነማን አሳደጉት? እነማን ካዱት? ያ ሰው ራሱ በሕይወት ቢኖር እንኳ አያውቀውም። ጋርፊልድ ያሰበው ማውጫ ይህን የሚመልስ ነው፤ ቅድመ አያቱን ስትሰጠው የልጅ ልጆቹን ሁሉ በስም የሚጠራ።

እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እንጨምር። ይህ አስተሳሰብ በአይሁድ መጻሕፍት ውስጥ ከሸፐርድ በፊት ከ300 ዓመት በላይ ነበር። በ1500ዎቹ በጣሊያን የኖረው ኢያሱ ቦዓዝ የተባለ ሊቅ በታልሙድ ገጽ ጠርዝ ላይ "ይህ ነገር በኋለኞቹ የሕግ መጻሕፍት የት ተጠቅሷል" የሚል ምልክት አዘጋጅቷል። እኛ በኢትዮጵያ ታልሙድ አልነበረንም፣ ኦሪታችን በግዕዝ ነበረ። ግን ዛሬ ሃይማኖታዊ ትምህርት ቤት የሚማሩ የልጅ ልጆቻችን ገጹን ሲከፍቱ እነዚያ ትንንሽ ፊደላት ጠርዙ ላይ አሉ። ጠይቋቸው፣ ያሳዩአችኋል።

ሐሳብ ግን እንጀራ አይሆንም። በ1955 ያወጣውን ጽሑፍ አንብቦ "ና ሥራልን" ያለው አልነበረም። ጋርፊልድ ፊላደልፊያ ከተማ ለአንድ የመድኃኒት ፋብሪካ በአማካሪነት ይሠራ ነበር። ጎን ለጎን በኒው ጀርዚ ግዛት የዶሮ ቤት የነበረ ክፍል አጽድቶ የራሱን ሥራ ጀመረ። አዎ፣ የዶሮ ቤት። የመጀመሪያው ዕቃው በጣም ቀላል ነበር። ሳይንስ መጽሔት ሁሉ ፊት ለፊቱ ላይ የይዘት ማውጫ አለው። ጋርፊልድ የብዙ መጽሔቶችን የይዘት ማውጫ ሰብስቦ፣ በትንሹ አትሞ፣ ኪስ በምትገባ ቀጭን መጽሔት አድርጎ በየሳምንቱ ሸጠው። ስሙም "ከረንት ኮንተንትስ" ይባላል፣ ወቅታዊ ይዘቶች እንደማለት። ሊቁ መቶ መጽሔት መግዛት ወይም ቤተ መጻሕፍት መሄድ ሳያስፈልገው በዚያ ሳምንት ምን እንደወጣ በአውቶቡስ ላይ ያነባል። የደራሲዎቹ አድራሻም አብሮ ይታተም ስለነበር ጽሑፉን የፈለገ ሰው ፖስት ካርድ ልኮ "እባክህ አንድ ቅጂ ላክልኝ" ይላል። ቤተ መጻሕፍቱ ባዶ በሆነበት ድሃ አገር ለሚኖር ተመራማሪ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። ይህ ሰው በዚያች መጽሔት የሸጠው የሰውን ጽሑፍ አይደለም። የሸጠው "የት እንዳለ ማወቅን" ነው። ገበያ ላይ እህል ሳይኖረው "ጤፍ ዛሬ እገሌ ጋ ረከሰ" ብሎ የሚናገር ሰው ብዙ ቦታ ይናቃል፣ ወሬኛ ይባላል። ያው ሰው በየሳምንቱ ሳያዛንፍ፣ ሳይዋሽ፣ ሁሉንም ገበያ ዞሮ ቢናገር ግን ገበሬውም ገዢውም ያለ እሱ አይንቀሳቀስም። የመረጃ ንግድ ሥሩ ይኸው ነው። ኮምፒዩተሩ በኋላ ነው የመጣው።

በ1959 ከስታንፎርድ ኡኒቨርሲቲ ጆሹዋ ሌደርበርግ የሚባል ሳይንቲስት ለጋርፊልድ ጻፈለት። ሌደርበርግ ከአንድ ዓመት በፊት በ33 ዓመቱ የኖቤል ሽልማት ያገኘ ሰው ነው፤ አባቱ ረቢ ሲሆኑ ወላጆቹ ከዚህ ከኛ አገር፣ ከእስራኤል ምድር፣ በ1920ዎቹ ወደ አሜሪካ የሄዱ ናቸው። ደብዳቤው ባጭሩ "በ1955 ያቀረብኸው ሐሳብ ምን ደረሰ?" የሚል ነበር። ከዚያ በኋላ ሌደርበርግ በር ከፈተለት፤ የአሜሪካ መንግሥት የጤናና የሳይንስ ተቋማት ገንዘብ ሰጡ፤ በዘር ውርስ ሳይንስ ላይ የሙከራ ማውጫ ተሠራ፣ በ1963ም ወጣ። ሙከራው ተሳካ። ሙሉውን የሳይንስ ማውጫ ማሳተም ላይ ግን መንግሥት "በቃኝ" አለ። ጋርፊልድም ከትንሿ መጽሔት ያገኘውን ገንዘብ እያፈሰሰ በራሱ ድርጅት አሳተመው። ድርጅቱ ከ1960 ጀምሮ "የሳይንሳዊ መረጃ ተቋም" የሚል ትልቅ ስም ይዞ ነበር፤ መንግሥታዊ ይመስላል እንጂ የግል ንግድ ነው።

የመጀመሪያው ማውጫ በ1961 የወጡትን 613 መጽሔቶች ይዞ 1.4 ሚሊዮን ጥቅሶችን ዘረዘረ፤ አምስት ወፍራም ጥራዝ ሆነ። ይህን ያደረገው ብልህ ማሽን አይደለም። ሠራተኞች ቁጭ ብለው እያንዳንዱን ማጣቀሻ፣ የደራሲውን ስም፣ ዓመቱን፣ ገጹን፣ በካርድ መብሻ እየመቱ አስገቡት። ከዚያ ኮምፒዩተሩ ደረደረው። አንድ ፊደል ብትሳሳት የአንድ ሰው ሥራ በሌላ ሰው ስም ይገባል። ዛሬ ልጆቻችን "ዳታ" የሚሉት ነገር በዚያ ጊዜ የጣት ድካም ነበር። ጋርፊልድም በኋላ በ1982 ፊላደልፊያ ውስጥ ለሠራተኞቹ ልጆች ጋን ከፈተ፤ እናቶች ሥራቸው አጠገብ ልጃቸውን እንዲያስቀምጡ። በዚያ ዘመን በአሜሪካ እንዲህ የሚያደርግ አሠሪ ጥቂት ነው። እኛ ጋን ፍለጋ ስንት በር እንደምናንኳኳ ስለምናውቅ ይህን ሳንጽፈው ማለፍ አልወደድንም።

ከመካከሉ ትምህርቱንም አልተወም። ድርጅቱን እየመራ በ1961 ከፔንሲልቬንያ ኡኒቨርሲቲ በቋንቋ ጥናት የዶክትሬት ዲግሪ ያዘ። ጥናቱ የኬሚካል ስም በማሽን ተተንትኖ ወደ ቀመር እንዴት እንደሚለወጥ ነው። ኬሚስትሪ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ቋንቋ፤ ሦስቱ የማይገናኙ ይመስላሉ። ልጅ ትምህርት ሲቀይር "ተወላወለ" እንላለን እኮ። የእሱ መወላወል ግን ሁሉም ወደ አንድ ጥያቄ ይሄድ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ዕቃ መቀየር ነው። በወረቀት የወጣው ማውጫ በማግኔት ቴፕ ተቀድቶ ለትልልቅ ድርጅቶች ተሸጠ። በ1965 ለእያንዳንዱ ደንበኛ "አንተ የምትከታተለውን ሰው በዚህ ሳምንት የጠቀሱት እነዚህ ናቸው" የሚል ወረቀት ኮምፒዩተር እያተመ በየሳምንቱ በፖስታ ይላክ ጀመር፤ ዛሬ ስልካችን ላይ ጢን እያለ የሚመጣው ማሳወቂያ ቅድመ አያቱ ይህ ነው። በ1970ዎቹ በስልክ መስመር ከሩቅ መፈለግ ተቻለ። ማውጫው ለማኅበራዊ ሳይንስ፣ ቀጥሎም ለታሪክና ለኪነ ጥበብ ተዘረጋ። በ1988 በሲዲ ወጣ። በ1997 ኢንተርኔት ላይ ገብቶ "ዌብ ኦፍ ሳይንስ" ተባለ፤ ልጆቻችን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚከፍቱት እሱን ነው፤ ከ20,000 በላይ መጽሔቶች አሉበት። የተበሳ ካርድ የሚሸጡ፣ ቴፕ የሚሸጡ፣ ሲዲ የሚሸጡ ኩባንያዎች ዕቃቸው ሲያረጅ አብረው አረጁ። ጋርፊልድ ግን የሚሸጠው ካርዱን ስላልነበረ አላረጀበትም። ሙያው በዕቃው ላይ የቆመ ልጅና በጥያቄው ላይ የቆመ ልጅ ልዩነታቸው እዚህ ይታያል ባዮች ነን።

ሐሳቡም ከድርጅቱ አጥር ወጣ። በ1998 ስታንፎርድ ውስጥ ሁለት ተማሪዎች፣ ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን፣ የኢንተርኔት ገጾችን ማን ወደ ማን እንደሚጠቁም እያዩ ማዕረግ የሚሰጥ መፈለጊያ ሠሩ። ሳይንቲስቶች እርስ በርስ የሚጠቃቀሱበትን መንገድ ወደ ኢንተርኔት እንዳመጡት በጽሑፋቸው ውስጥ ተናግረዋል። ያ መፈለጊያ ጉግል ነው። ብሪን ራሱ ከሞስኮ በስድስት ዓመቱ ከወላጆቹ ጋር የተሰደደ የአይሁድ ልጅ ነው።

ታሪኩ ሁሉ ማር አይደለም። ጋርፊልድ ከባልደረባው ከአርቪንግ ሸር ጋር መጽሔቶችን ለመምረጥ አንድ ስሌት ሠርተው ነበር፦ አንድ መጽሔት ባለፉት ሁለት ዓመታት ያወጣቸው ጽሑፎች በዚህ ዓመት ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ ይቆጠርና ለጽሑፎቹ ቁጥር ይካፈላል። የታሰበው የትኛው መጽሔት ማውጫው ውስጥ ይግባ ለማለት ነው። በኋላ ግን ኡኒቨርሲቲዎች ሰው መመዘኛ አደረጉት፤ በዚህ ቁጥር ሥራ ይሰጣል፣ በዚህ ቁጥር ይከለከላል። በ2013 ብዙ ሳይንቲስቶች ከሳን ፍራንሲስኮ ባወጡት መግለጫ ይህን ተቃወሙ። ጋርፊልድም ራሱ ቁጥሩ ለሰው መመዘኛ እንዳይሆን ደጋግሞ ጽፏል። እኛ ቁጥር የሰውን ልጅ እንዴት እንደሚበድል የልጆቻችንን የፈተና ነጥብ ይዘን ከትምህርት ቤት ደጃፍ የቆምን ሰዎች ነን፣ ብዙ ማብራራት አያስፈልገንም። ደግሞ ቁጥሩ የሚያሳየው ዝናን ብቻ አይደለም። በዚህ ማውጫ ውስጥ በታሪክ ከሁሉ በላይ የተጠቀሰው ጽሑፍ በ1951 ኦሊቨር ላውሪና ጓደኞቹ ያወጡት ነው፤ ከ300,000 ጊዜ በላይ ተጠቅሷል። ምን ይላል? ፕሮቲን እንዴት እንደሚለካ ይናገራል፣ አለቀ። የሌላውን ሰው ሥራ የሚያቃና መለኪያ ነው።

ሌላም ጉዳት አለ። ጋርፊልድ ዓለምን ሁሉ አልሰበሰበም፤ ጥቂት ዋና መጽሔቶች አብዛኛውን ጠቃሚ ነገር ይይዛሉ ብሎ እነሱን መረጠ። ለንግድ ልክ ነው፣ ያለዚያ ድርጅቱ ይከስር ነበር። ግን ዋና የተባሉት አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ የሚጻፉ ናቸው። በአማርኛ የተጻፈ እዚያ አይገኝም ማለት ይቀላል። ስለ እኛ ማኅበረሰብ የተጻፈውን ጥናት ብታዩ በእንግሊዝኛ ከጻፈው ተመራማሪ ስም ጋር ይቆጠራል። ታሪኩን ቁጭ ብለው የነገሩት ቄስ ወይም አዛውንት በጽሑፉ ውስጥ "አንድ ሽማግሌ እንደነገሩኝ" ተብለው ካለፉ ግን ማውጫው አያውቃቸውም። የሚቆጠረው በስም የተጠራ ነው። ተመራማሪ ቤታችሁ ሲመጣ "ስሜ ይጻፍ ወይስ አይጻፍ" ብላችሁ የመወሰን መብት አላችሁ፤ ጥያቄውን ቡና ሳይፈላ አንሱት።

ጋርፊልድ ድርጅቱን በ1988 በከፊል፣ በ1992 ሙሉ በሙሉ ሸጠው፤ በመጨረሻ የገዛው ቶምሰን የተባለው ኩባንያ ነው። በዚያን ጊዜ ዕድሜው 67 ደርሶ ነበር። አርፎ አልተቀመጠም። "ዘ ሳይንቲስት" የሚባል ጋዜጣ በ1986 መሥርቶ ነበር፣ እሱን ይዞ ቀጠለ። ቀጥሎም የጽሑፎችን የዘር ሐረግ በሥዕል የሚያወጣ ፕሮግራም ከጓደኞቹ ጋር ሠራ፤ በ80 ዓመቱም በዚያ ላይ ይሠራ ነበር። ለአሥርተ ዓመታት በሳምንታዊ መጽሔቱ ላይ የጻፋቸው መጣጥፎች ተሰብስበው 15 ጥራዝ ሞልተዋል። በየካቲት 2017 በ91 ዓመቱ አረፈ።

ይህ ሁሉ አሜሪካ ነው፣ እኛን ምን አገናኘን የሚል ቢኖር፣ አሁን ወደ ኢየሩሳሌም እንምጣ። በ1980 በዕብራይስጥ ኡኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞችና ፕሮግራመሮች አንድ ላይ ሆነው የመጽሐፍ መዝገብ የሚይዝ የኮምፒዩተር ሥርዓት መሥራት ጀመሩ። ችግራቸው የኢየሩሳሌም ችግር ነው፦ አንዱ መጽሐፍ ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፋል፣ ሌላው ከግራ ወደ ቀኝ፣ መደርደሪያው ግን አንድ ነው። ስሙን "አሌፍ" አሉት፤ ቄሶቻችን "አልፍ" የሚሉት የግዕዙ "አ" ወንድም ነው። ከዚህ ሥራ ኤክስ ሊብሪስ የሚባል ኩባንያ ወጣ፤ ቤቱ ኢየሩሳሌም ማልሓ ነው፤ ፕሮግራሙም በብዙ አገሮች ቤተ መጻሕፍት ገባ። በ2015 ፕሮክዌስት የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ገዛው። የፕሮክዌስት አጀማመርም ከዶሮ ቤቱ አያንስም፤ ዩጂን ፓወር የተባለ ሰው በ1938 ሚሺጋን ውስጥ በአስከሬን ማዘጋጃ ቤት ጀርባ ሁለት ክፍል ይዞ የድሮ መጻሕፍትን በፊልም ማንሳት የጀመረበት ድርጅት ነው። በ2021 ደግሞ ፕሮክዌስትን ክላሪቬት የተባለ ኩባንያ ገዛው። ክላሪቬት ማን ነው? ያ የጋርፊልድ ማውጫ በእጅ በእጅ ሲሸጋገር የደረሰበት ኩባንያ ነው። የብሮንክሱ ልጅ ሥራና የኢየሩሳሌሙ አሌፍ እንዲህ አድርገው በአንድ ጣሪያ ሥር ገቡ። ስለዚህ "መረጃ ሳይንስ" ብሎ ባር-ኢላን የተመዘገበ ልጅ መጽሐፍ ሊደረድር ብቻ ነው የሚሄደው ማለት አንችልም። ሥራው በራሳችን ከተማ አለ፤ ፕሮግራመርም፣ ቋንቋ አዋቂም፣ ሻጭም፣ መዝጋቢም ይፈልጋል።

አሁን ወደ ስም ጉዳይ። በጋርፊልድ ማውጫ ሰው ለረጅም ዓመታት ይገባ የነበረው በቤተሰብ ስምና በመጀመሪያ ስሙ ፊደል ነበር። እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የሚባል አልነበረንም፤ የራስ ስም አለ፣ የአባት ስም አለ፣ የአያት ስም አለ። ስለዚህ ከኢትዮጵያ የሚጽፍ ተመራማሪ ማውጫው ውስጥ የሚቀመጠው በአባቱ ስም ነው፤ ልጅ የደከመበት በአባት ስም ይቆጠራል። አባትን ማክበር ነው ብለን ልንስቅ እንችላለን። ነገር ግን አባታቸው "ተስፋዬ" የሚባል፣ ስማቸውም በአንድ ፊደል የሚጀምር አሥር ሰዎች አንድ ሰው መስለው ይደባለቃሉ። እዚህ አገር ደግሞ ስንገባ ለአንዱ ወንድም የአባቱ ስም፣ ለሌላው የአያቱ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ተዑዳት ዘሁት ላይ ስለተጻፈ፣ የአንድ እናት ልጆች በወረቀት ባዕድ ሆነዋል። በላይ የላቲን ፊደል አለ፤ ያው ስም በፓስፖርት አንድ ዓይነት፣ በዲግሪው ሌላ ዓይነት፣ በጽሑፉ ሦስተኛ ዓይነት ይጻፋል። ለማሽኑ እነዚህ ሦስት ሰዎች ናቸው።

ለዚህ ከ2012 ጀምሮ ኦርኪድ የሚባል መፍትሔ አለ። ለተመራማሪ ሁሉ በነጻ የሚሰጥ 16 አሃዝ ያለው ቁጥር ነው፤ ሰውየው ስሙን ቢቀይር፣ ብታገባና የባሏን ስም ብትወስድ ቁጥሩ አይቀየርም። ሁለተኛ ዲግሪ ላይ ያለ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ካላችሁ፣ የመጀመሪያ ጽሑፉን ከማውጣቱ በፊት ይህን ቁጥር ይያዝ፤ ስሙንም በላቲን ፊደል እንዴት እንደሚጽፍ አንዴ ወስኖ በዚያው ይጽና። የአያቱን ስም በትክክል እንዴት እንደሚጠራ ካላወቀ፣ የሚያውቁት እናንተ ናችሁ።